ልጄ በትምህርት ቤቱ ቻፕል ያለቅሳል፣ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ስልኩን ይነካካል

«ሰላም እትዬ፣ እንዴት ነዎት? የምጽፍልዎ ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ 15 ዓመቱ ነው፣ አሥረኛ ክፍል። ካቶሊክ ትምህርት ቤት ከገባ ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ያስገባነው ለትምህርቱና ለጸባዩ ብለን ነው እንጂ ለሃይማኖት አልነበረም። እኛ ተዋሕዶ ነን፤ እሱም በ40 ቀኑ የተጠመቀ ነው።

ትምህርት ቤቱ ረቡዕ ረቡዕ ቻፕል፣ ማለትም የጋራ የጸሎት ጊዜ፣ አለው። መጀመሪያ ‹ይሰለቸኛል› ይል ነበር። አሁን ረቡዕን ይናፍቃል። በቀደም ወላጆችን ጠርተውን ሄጄ፣ ዓይኑን ጨፍኖ እንባው ሲወርድ አየሁት። እሑድ ግን ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው በግድ ነው። ከኋላ ቆሞ ስልኩን ይነካካል። ብቆጣው ‹ማሚ፣ እዚያ ይገባኛል፤ እዚህ ዝም ብዬ ነው የምቆመው› አለኝ።

አሁን ደግሞ በቻፕሉ መጽሐፍ ቅዱስ እንዲያነብ መርጠውታል። ባለቤቴ ‹የሱስንዮስ ዘመን ቤታችን ገባ፤ ነገውኑ ይውጣ› ይላል። እናቴ ደግሞ ‹ጸለየ እንጂ ሰረቀ እንዴ!› ትላለች። ባለፈው ሳምንት ልጁ ‹ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማ የምናወልቀው ለምንድን ነው?› አለኝ። ‹ሥርዓቱ ነው› አልኩት። ዝም ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ። ልጄን እያጣሁት ነው? ምን ላድርግ?
ግራ የገባኝ እናት»

ግራ የገባሽ እህቴ፣

መልሱን አስቀድሜ ልስጥሽ፣ ሐተታው ይከተላል። ልጅሽን እያጣሽው አይደለም። ከትምህርት ቤቱም አታስወጪው። ግን እስከ መጪው ረቡዕ የምታጣሪያቸው ሁለት ጉዳዮች አሉ፤ ቁርባኑና ምንባቡ። ወደ እነሱ እመጣለሁ።

እንዲህ በድፍረት የምናገረው እኔም በእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ስላደግኩ ነው። አገር ቤት፣ መነኮሳይት የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት። በክፍላችን ካቶሊኮቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አብዛኞቻችን የተዋሕዶ ልጆች ነን። ጥቂት ሙስሊሞችም ነበሩ። ከግቢው ጥግ ላይ ትንሽ ጸሎት ቤት አለች። ወለሏ በሰም ተወልውሎ ያንሸራትታል። በዐቢይ ጾም ዓርብ ዓርብ እዚያ ፍኖተ መስቀል ይጸለያል። ግዴታ አልነበረም። እኔ ግን እሄድ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ የሄድኩት ከፀሐይ ለመሸሽ ነው።

አንድ ዓርብ አንዲት መነኩሲት እጄን ይዘው ሻማ አስጨበጡኝ። ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት 14 ሥዕሎች ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዞሩ ከፊት ከፊታቸው እንድሄድ ነው። በቃ። ከዚያ ወዲያ አንድም ዓርብ አልቀረሁም። ዝናብ ቢዘንብ፣ ጓደኞቼ ቢስቁብኝ፣ መብራት ያዥ ነኛ!

በዚያው ዓመት ጉድ ሠራሁ። የትምህርት ቤቱ በዓል ነበር፣ ቅዳሴ ነበረ፣ ልጆቹ ተሰልፈው ለቁርባን ሲሄዱ እኔም ተሰልፌ ሄድኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ቤት ገብቼ ለእናቴ በኩራት ነገርኳት። እናቴ ምንም አልተናገረችም። ቅዳሜ ጠዋት ግን ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ንስሐ አባታችን ወሰደችኝ። እሳቸው ትንሽ ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ተዉና «ቤትሽ የተዘጋጀልሽን ማዕድ ሳትቀምሺ እንዴት ጎረቤት ትቀመጫለሽ?» አሉኝ። ስግደት ሰጡኝ። ቁጥሩን አልነግርሽም፤ ጉልበቴ ግን ያስታውሳል።

እናቴ ከዚያ በኋላ ጸሎት ቤቱን አልከለከለችኝም። ሌላ ነገር ጀመረች። ዓርብ ማታ ቡና እያፈላች «ዛሬ ምን ተነበበ?» ትለኛለች። ማንበብ አትችልም ነበር። እነግራታለሁ። ቬሮኒካ የጌታን ፊት በጨርቅ ጠረገችለት ስላት «እሷን አላውቃትም» አለችኝ። «ስምዖን ቀሬናዊን ግን አውቀዋለሁ» ብላ፣ ከእርሻ ሲመለስ ይዘው መስቀሉን እንዳሸከሙት፣ ያልጠበቀው ሸክም እንደደረሰበት፣ የጎረቤታችንን ነገር የምታወራ እስኪመስለኝ ድረስ ነገረችኝ። እምነቴ ያደገው በጸሎት ቤቷ ይሁን በዚያ ቡና ላይ፣ እስከ ዛሬ መለየት አቅቶኛል።

ወደ አንቺ ልጅ ልመለስ።

«እዚያ ይገባኛል» ብሎሻል። ይህን እንደ ዘለፋ አትስሚው። አንድ የ15 ዓመት ልጅ ለእናቱ ሊነግራት ከሚችለው ሁሉ ቅኑ ነገር ነው። ቻፕሉ በሚያስብበት ቋንቋ ነው የሚጸልየው። ከጎኑ ያሉት እኩዮቹ ናቸው። ከምንም በላይ ደግሞ አንድ ሰው ስሙን ጠርቶ «ና፣ አንብብልን» ብሎታል። እስቲ ልጠይቅሽ። በእናንተ ቤተ ክርስቲያን ልጅሽን በስሙ የሚጠራው ስንት ሰው ነው? «የእከሌ ልጅ፣ ወይ አስተዳደግ!» የሚለውን አይደለም። በስሙ የሚጠራውን ነው ያልኩሽ። አንድ ሰው እንኳ ካለ ደስ ይለኛል። ከሌለ ግን ስልኩን ቢነካካ ምን ይገርማል?

አሁን ወደ ቁርባኑ። እዚህ ላይ ቆፍጠን ልበል።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ልጅሽ በካቶሊክ ቅዳሴ አይቆርብም። ይህ የሚያከራክር አይደለም። አስቸጋሪው ግን እዚያ ማንም ላይከለክለው መቻሉ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ እንደኛ ላሉት የምሥራቅ ክርስቲያኖች በሩን ጨርሶ አልዘጋም፤ አንድ ሰው በራሱ ፈቃድ ከጠየቀና የተዘጋጀ ከሆነ ካህናቱ ሊያቆርቡት ይችላሉ። አሜሪካ ያሉት ጳጳሳታቸው በዚያው ላይ ኦርቶዶክሶች የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንዲያከብሩ ይመክራሉ። ይህ ምክር ብዙ ጊዜ በቅዳሴ መጽሐፋቸው ሽፋን ላይ ታትሞ ታገኚዋለሽ። ስለዚህ ጥበቃው ከእነሱ ደጅ አይደለም፣ ከእናንተ ቤት ነው። አስረድተሽ ንገሪው እንጂ አታስፈራሪው። ሌሎቹ ሲሰለፉ እሱ ቦታው ላይ መቀመጥ ይችላል። ወይም አሜሪካ እንደተለመደው ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አመሳቅሎ ይሄዳል፤ ቄሱ በዚህ ምልክት እንደማይቆርብ አውቀው ይባርኩታል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል የንስሐ አባታችሁን ጠይቂ።

ግን እህቴ፣ ይህን ከመንገርሽ በፊት ለራስሽ የምትመልሺው ጥያቄ አለ። ልጅሽ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ለመጨረሻ ጊዜ የቆረበው መቼ ነው?

ብዙዎቻችን አንድ ዓይነት ነን። ልጆቹን በሕፃንነታቸው አቅፈን እናቆርባለን። ነፍስ ማወቅ ሲጀምሩ እንተዋለን። ከዚያ «ስታገባ ትቆርባለህ» ወይም «ስታረጅ»። ጉርምስናው በሙሉ በረሃ ነው። ክፍል ጓደኞቹ በሙሉ ወደ ማዕዱ ሲሄዱ የሚያይ ልጅ፣ የራሱን ማዕድ ለስንት ዓመት ካላየው፣ «እዚያ አትቁረብ» የሚለው ቃል ባዶ ይሆንበታል። «እዚህ የምትቆርበው በዚህ ቀን ነው፣ ከአባ ጋር ተነጋግረናል» ስትዪው ግን ነገሩ ሌላ ነው። የኔ የንስሐ አባት ስለ ማዕዱ የተናገሩት ይህንኑ ነበር። የገባኝ ግን ካደግኩ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ምንባቡ ነው። ቻፕሉ ሁልጊዜ ቅዳሴ ነው ወይስ አንዳንዱ ረቡዕ ምንባብና ጸሎት ብቻ ነው? ይህን ጠይቂ። ልዩነት አለው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የራሷ መመሪያ በቅዳሴ ላይ ምንባብ የሚያነበው የራሷ አባል እንዲሆን ነው የሚያዘው፤ ሌላ ሰው እንዲያነብ የጳጳስ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ያውም በልዩ ምክንያት። ቅዳሴ ባልሆነ የጸሎት ፕሮግራም ላይ ግን ችግር የለውም። እንደሚመስለኝ የመረጡት ሰዎች ልጁ ኦርቶዶክስ መሆኑን ልብ አላሉትም። ስለዚህ የቻፕሉን ኃላፊ በኢሜይል አግኝ በይው። አንቺ አትጻፊ፣ እሱ ይጻፍ። «እኔ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ነኝ። በጸሎት ፕሮግራሙ ላይ ማንበብ እችላለሁ፣ በቅዳሴው ላይ ግን ደንባችሁን መጠየቅ ፈለግሁ» ይበል። ያቺን አጭር ኢሜይል ሲጽፍ ማንነቱን በራሱ አፍ ይናገራል። እንዲህ ዓይነት ዕድል ቤት ቁጭ ብሎ አይገኝም።

ባለቤትሽን አትናቂበት። የሱስንዮስ ነገር ተራ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1622 ንጉሡ የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበለ። ከሮም የተላከው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ መጥቶ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይካኑ ማለት ሲጀምር አገር ታመሰ። ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» ተብሎ ነገሩ አበቃ። አባት ይህን ለልጁ መንገሩ ተገቢ ነው። እንዲያውም ቁጭ ብሎ በደንብ ይንገረው፤ ልጁ በትምህርት ቤቱ ይህን ታሪክ የሚነግረው ሰው አያገኝም። ግን ያኔ የመጣው የንጉሥ አዋጅ ነበር። ልጃችሁን ያስገደደው ማንም የለም። ክፍያውን የፈረማችሁት እናንተ ናችሁ!

እግረ መንገዱን ሌላውንም ግማሽ ይጨምርለት። ሮም ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ የሐበሾች የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን የሚባል አለ። ከ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የኛ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ያረፉበት ቤት ነው። ዛሬም ቆሟል። ከደብረ ሊባኖስ የሄዱት አባ ተስፋ ጽዮን እዚያው ሮም ሆነው የግእዙን ሐዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 አሳተሙ፤ ሐዲስ ኪዳን በግእዝ ሲታተም የመጀመሪያው ነው። ልጅሽ ይህን የሃይማኖት ትምህርት ክፍል ውስጥ ቢያቀርበው መምህሩ ራሱ ወንበሩን የሚስብ ይመስለኛል። በትምህርት ቤቱ እንግዳ ሆኖ ሳይሆን የሚናገረው ይዞ ይቆማል።

አሁን ደግሞ እኔን በጣም ደስ የሚለኝ ነገር። እዚህ ላይ ትንሽ ልዘገይ፣ ፍቀጂልኝ።

በሚቀጥለው ጊዜ ወላጆች ሲጠሩ፣ ቅዳሴ ካለ ጆሮሽን አቁሚ። ቄሱ በእንግሊዝኛ «ልባችሁን ወደ ላይ አንሡ» ይላሉ። ሕዝቡ «ወደ ጌታ አንሥተናል» ይላል። ይህን የት ነው የምታውቂው? እሑድ እሑድ ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ይላሉ፣ እኛ «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» እንላለን። ቃሉ ያው ነው። ቀጥሎ «ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ» ይመጣል። ከትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 6 ነው፤ እኛም እነሱም ከዚያ ነው የወሰድነው።

እንዲያውም ነገሩ ከዚህ ይጠልቃል። እጅግ ጥንታዊ የሆነ አንድ የቁርባን ጸሎት አለ። የኛ ቅዳሴ ሐዋርያት እሱን አስፍቶ የያዘ ነው። ግእዝም ያንን ጥንታዊ ጽሑፍ ጠብቀው ካቆዩት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ካቶሊኮቹ ደግሞ ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ ቅዳሴያቸውን ሲያድሱ ከዚሁ ምንጭ ቀድተው አንድ አጭር የቁርባን ጸሎት ሠሩ። አጭር ስለሆነ በሥራ ቀን ከሁሉ ይልቅ የሚዘወተረው እሱ ነው። ገባሽ? ልጅሽ ረቡዕ ጠዋት በእንግሊዝኛ ሰምቶት «ገባኝ» የሚለው ጸሎት፣ እሑድ ከኋላ ቆሞ በግእዝ ከሚያልፈው ጸሎት ጋር የሥጋ ዘመድ ሊሆን ይችላል። ማንም አላስተዋወቃቸውም እንጂ።

እንግዲህ አስተዋዋቂዋ አንቺ ነሽ። መምህር መሆን አይጠበቅብሽም። የእሑዱን ግጻዌ፣ የዕለቱን ምንባባት የሚያሳየውን፣ ፈልጊ፤ በስልክ ይገኛል፣ ካጣሽው ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አንዱ በመልእክት ይልክልሻል። በቅዳሴያችን ከወንጌሉ በፊት ሦስት ምንባብ እንዳለ ታውቂያለሽ፤ ከጳውሎስ፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታት፣ ከግብረ ሐዋርያት። ከዚያ ከመዝሙረ ዳዊት የሚዜመው ምስባክ፣ ከዚያ ወንጌሉ። ቅዳሜ ማታ ከእራት በኋላ አራቱን በእንግሊዝኛ እሱ ያንብባቸው። 10 ደቂቃ አይፈጅም። ማብራሪያ አትጨምሪበት፣ ስብከትም አታድርጊው። እሑድ ዲያቆኑ ወጥቶ «ጳውሎስ...» ብሎ ሲጀምር ልጁ የሚመጣውን አውቆታል። አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ አሁን ግእዙን፣ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን በስክሪን ያሳያሉ። የእናንተው ከሌለው ሐሳቡን አቅርቢ። ስክሪን የምትጠሉ እናቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ልጁ የሚያየው የራሱን ትንሽ ስክሪን ከሚሆን ይሻላል።

ከኋላ አታቁሚው። ይህን ሳልል አላልፍም። ከኋላ ያለው ጫማ፣ የሕፃናት ጩኸትና ወሬ ነው። ወደፊት፣ ዲያቆናቱ ወደሚታዩበት ይሂድ። ከዲያቆናቱ መካከል እዚህ የተወለደ አይጠፋም። እሱን ፈልጊና «ልጄን ሰላም በለው፣ ስሙ እንዲህ ነው» በዪው። አንድ ሥራም ይሰጠው። የድምፅ መሣሪያው፣ የትናንሾቹ የእንግሊዝኛ ትምህርት፣ የገና መዝሙር ስላይድ፣ ምንም ይሁን። እኔ ሻማ ነበር የያዝኩት። የድቁናን ነገር ግን አንቺ አታንሺበት። እሱ ከጠየቀ ወደ አባ ላኪው፤ ካልጠየቀ ዝም በዪ። እናት የፈለገችው ድቁና ብዙ ጊዜ የእናት ይሆንና ይቀራል።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ትምህርት ቤቱ የበጎ አድራጎት ሰዓት የሚጠይቅ ከሆነ፣ በእኛ ቤተ ክርስቲያን የሚሠራው ይቆጠርለት እንደሆነ ጠይቁ። በዓመት አንዴ ከከተማ አውጥተው ለሁለት ሦስት ቀን የጸሎትና የጥሞና ጊዜ የሚያደርጉለትም ከሆነ ይሂድ። ከእኩዮቹ ጋር ያለ ስልክ ሁለት ቀን መዋል ራሱ ሱባዔ ነው።

ጾሙን ግን አልዘለውም፣ ምክንያቱም ቻፕሉ ረቡዕ ነው ብለሻል። ረቡዕ ደግሞ ጾም ነው። ከቻፕል ወጥቶ ቀጥታ ወደ ምሳ ነው። ክፍል ጓደኞቹ ፒዛቸውን ይዘው ሲቀመጡ እሱ ምን ይይዛል? ሽሮ ይዞ ሂድ አልልሽም፣ ልጅም ነበርን። ግን ለምን ረቡዕን እንደምንጾም ንገሪው፤ በጌታ ላይ የተመከረበት ቀን እንደሆነ፣ ዓርብ ደግሞ የተሰቀለበት እንደሆነ። ጓደኞቹም በዐቢይ ጾማቸው ዓርብ ዓርብ ሥጋ አይበሉም፤ ስለዚህ ነገሩ ፈጽሞ አዲስ አይሆንባቸውም። ያኔ የእነሱ 40 ቀን እንደሆነ፣ የኛ 55 እንደሆነ ይነጻጸሩ። በዚህ ዕድሜ ወንዶች በቁጥር መበላለጥ ይወዳሉ፤ አምላክ ይቅር ይበላቸው። ፋሲካው አንዳንዴ ይገጥማል፤ በ2017 ዓ.ም ሚያዝያ 12 ሁላችንም አንድ ቀን አክብረናል። እንደ 2018 ዓ.ም ግን እነሱ በሳምንት የሚቀድሙበት ዓመት አለ። ያቺን ሳምንት አስቢባት። ትምህርት ቤቱ ሁሉ «ተነሥቷል» ብሎ ሲዘምር፣ የእኛ ሰሙነ ሕማማት ገና ሊጀምር ነው። ልጅሽን ግራ ሊያጋባው ይችላል። ቀድመሽ ንገሪው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ልዩነቱን አትደብቂ። «ሁሉም አንድ ነው» ብለሽ አታልፊው። ልጆች ውሸት ይሸታቸዋል። እኛ መንፈስ ቅዱስ ከአብ ሠረጸ እንላለን፣ እነሱ «ከአብና ከወልድ» ይላሉ። የሮምን ጳጳስ ሥልጣን እኛ በእነሱ መንገድ አንቀበልም። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የምንናገርበት መንገድ እ.ኤ.አ. በ451 ከኬልቄዶን ጉባኤ ጀምሮ ለያይቶናል። እነዚህን ከጠየቀሽና ካላወቅሽ «አላውቀውም፣ አብረን አባን እንጠይቅ» በይው። «አላውቅም» የምትል እናት አታሳፍርም። ያሳዘነኝ «ሥርዓቱ ነው» ያልሽው ነው።

ያ የጫማ ጥያቄ ደጅሽን እያንኳኳ ነበር። «ሥርዓቱ ነው» ስትዪው በሩን ዘጋሽበት፣ እሱም ወደ ክፍሉ ገባ። እኔም ለልጆቼ ስንት ጊዜ እንዲህ ብያለሁ መሰለሽ? ድክም ብሎሽ ከሥራ ትመጫለሽ፣ ወጥ እሳት ላይ ነው፣ እሱ መጥቶ ስለ ጫማ ይጠይቃል። ይገባኛል። ግን ልጅሽ ሃይማኖቱን ትቶ ቢሆን ኖሮ ስለ ጫማው አይጠይቅም ነበር። ቻፕሉ መጠየቅ አስተምሮታል። የጠየቀው ደግሞ ስለ እነሱ ቤት አልነበረም፣ ስለ እኛው ቤት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ የክፍሉን በር አንኳኪ። «ያኔ የጠየቅኸኝን አላወቅኩትም ነበር፣ አሁን አገኘሁት» በይው። ኦሪት ዘጸአት፣ ምዕራፍ 3፣ ቁጥር 5። ሙሴ በጎቹን እየጠበቀ ነው፣ ቁጥቋጦው ይነድዳል ግን አይቃጠልም፤ እግዚአብሔርም የቆመበት ቦታ የተቀደሰ ነውና ጫማውን እንዲያወልቅ ይነግረዋል። እሱ በእንግሊዝኛ ያንብብልሽ፣ አንቺ በአማርኛ። አባትየውም ከሳሎን ይምጣ። ቡናም ካለ አይከፋም።

እትዬ